17 ፒክ ገዝቼ በ3 ቀረሁ

ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ዝናቡ ይወርዳል። የቤቴን ቁልፍ ሳዞር ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ በሩ ውስጥ ቀረ። ሠፈራችን አስፋልት ዳር በኮንቴይነር የሚሠራ ቁልፍ ሠሪ አለ፤ ስልክ ቁጥሩን ኮንቴይነሩ ላይ በቀለም ጽፎታል። ደወልኩለት፣ ጃንጥላ ይዞ መጣ። መጀመሪያ የተሰበረችውን ቁራጭ ጎትቶ አወጣ። ቀጠለና አንዲት የታጠፈች ቀጭን ብረት ቀዳዳው ውስጥ ሰክቶ በአንድ ጣቱ ጫን አደረጋት፤ በሌላኛው እጁ ጫፏ ቀና ያለች ሌላ ብረት አስገብቶ ነካ ነካ አደረገ። በሩ ተከፈተ። በስልኬ እያበራሁለት ስለነበር ሰዓቱን አይቻለሁ፤ አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«500 ብር» አለኝ።

«ለአንድ ደቂቃ?»

«ደቂቃውን የቆጠርከው አንተ ነህ» ብሎኝ ጃንጥላውን ዘረጋ።

ከፈልኩ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ዋጋ አይከራከርም፤ ቢያንስ ተከራክሮ እንደማያሸንፍ ያውቃል። እንቅልፍ የነሳኝ ብሩ ሳይሆን ደቂቃዋ ነች። ላፕቶፔን፣ ማለትም እንጀራዬን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚያ በር አደራ ሰጥቼ ስወጣ ስገባ ነበር። በሁለት ቀጫጭን ብረት እንደሚከፈት አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

በዚያው ሌሊት ዩቲዩብ ገባሁ። ሎክፒኪንግሎየር የሚባል ከ4 ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያለው የአንድ አሜሪካዊ ቻናል አለ፤ በቪዲዮዎቹ ላይ የምታዩት እጁንና ጓጉንቸሩን ነው። ሦስት አራት እያልኩ ሊነጋ ሲል ደረስኩ። ለካ ይሄ ነገር እንደ ቼዝ የጊዜ ማሳለፊያ የሆነላቸው ሰዎች አሉ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1997 ሐምቡርግ ላይ ማኅበር አቋቁመውለታል። ኔዘርላንድስ ውስጥ የተጀመረው ቱል የሚባለው ድርጅት ደግሞ አሜሪካ ድረስ ቅርንጫፍ አለው። እንደ ካራቴ ከነጭ እስከ ጥቁር ቀበቶ የሚሰጣጡም አሉ።

ከዚያማ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ችሎታውን ሳልይዝ ዕቃ ፍለጋ ገባሁ። ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ ዕቃ ነው። ከመቀጠሌ በፊት ግን አንድ የቋንቋ ነገር እናስተካክል። አማርኛችን በሩ ላይ ያለውንም ኪሳችን ውስጥ ያለውንም «ቁልፍ» ብሎ ገላግሎናል። እንዳንደናገር ከዚህ በኋላ በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ፣ ኪስ ውስጥ ያለውን መክፈቻ እላለሁ።

ቴሌግራም ላይ ዕቃ ከሚሸጥ አንድ ገጽ 17 ቁራጭ ያለው ስብስብ አገኘሁ። ቆዳ የሚመስል ጥቁር ቦርሳ፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ጓጉንቸር፣ «ፕሮፌሽናል» የሚል ጽሑፍ። 2,400 ብር። ለ17 ሳካፍለው አንዱ 141 ብር መጣ፤ ርካሽ መሰለኝ። ሁለተኛው እንጀራ እንደ መጀመሪያው አያጠግብም የሚለውን ሕግ አራት ዓመት ስማር የኖርኩት ሰውዬ፣ አሥራ ሰባተኛው ብረት ምን ይሠራልኛል ብዬ ለመጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አልወሰድኩም።

በሳምንቱ ሁለቱ ታጠፉ። አንዱ የራሴ ቁም ሣጥን ጓጉንቸር ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ሦስቱ ከቀዳዳው ስለሚወፍሩ አንድም ቀን አልገቡም። አምስቱ ከመመሳሰላቸው የተነሳ የትኛው የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልለያቸውም። ሌሎች ሦስት ለምን እንደተሠሩም አልገባኝም። የቀሩት ሦስቱ ናቸው ዛሬ ድረስ የምሠራባቸው፤ ስለዚህ የአንዱ ዋጋ 141 ሳይሆን 800 ብር ነበር። የተሰበረው ስለዘጋው ጓጉንቸሩን በብረት መጋዝ ቆርጬ ነው ቁም ሣጥኑን የከፈትኩት፤ የሱን ዋጋ አልደመርኩም።

ምን እንደሚገዛ ለማወቅ ግን ቁልፍ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። አይዟችሁ፣ አይረዝምም።

በየቤታችን የምናገኘው አብዛኛው ጓጉንቸርና የበር ቁልፍ የሚሠራው አሜሪካዊው ላይነስ ዬል ጁኒየር እ.ኤ.አ. በ1861 የፈጠራ ባለቤትነት ባወጣበት ዘዴ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ትንሽ ሲሊንደር አለ። ሲሊንደሩ ላይ 4 ወይም 5 ወይም 6 ቀዳዳዎች በተርታ ተበስተዋል፤ በየቀዳዳው ሁለት ፒኖች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ ከላያቸው ሞላ አለ። ሞላው ፒኖቹን ስለሚገፋቸው ግማሽ አካላቸው ሲሊንደሩ ውስጥ፣ ግማሹ ከሱ ውጪ ሆነው አላዞር ይላሉ። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ጥንድ በየልኩ ያነሱታል፤ ሁለቱ ፒኖች የሚለያዩበት ቦታ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናል፤ በቃ፣ ይዞራል።

ያለ መክፈቻ የሚከፈተው ደግሞ በፋብሪካው ስሕተት ነው። የትኛውም ማሽን እነዚያን ቀዳዳዎች ፍጹም በአንድ መስመር አይበሳቸውም፤ የሚሊሜትር ሽርፍራፊ የምታህል መዛነፍ ትኖራለች። ስለዚህ ሲሊንደሩን በቀስታ ለማዞር ስትሞክሩ ሁሉም ፒን እኩል አይያዝም፤ አንዱ ቀድሞ ይጨናነቃል። እሱን ፈልጋችሁ ቀስ አድርጋችሁ ታነሱታላችሁ። ቀጭ ይላል፣ ሲሊንደሩ የፀጉር ያህል ይዞራል፣ ሌላው ይጨናነቃል። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ያቺን መዛነፍ መቀነስ ለፋብሪካው ወጪ ነው። ርካሽ ጓጉንቸር ርካሽ የሆነው አንድም ያንን ወጪ ስላላወጣ ነው፤ ይሄን ሳውቅ ነው እኔ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ትምህርቴ የመሰለኝ።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሁለት ዓይነት መሣሪያ ነው፤ የሚያዞረውና የሚያነሳው። የሚያነሳው ፒክ ይባላል። የሚያዞረውን ቴንሽን ይሉታል፤ ቁልፍ ሠሪው በአንድ ጣቱ ጫን ያደረጋት የታጠፈች ብረት እሷ ነች። ጀማሪ በሙሉ (እኔን ጨምሮ) ዓይኑ የሚያርፈው ፒኮቹ ላይ ነው፤ ያብረቀርቃሉ፣ ዓይነታቸው ይበዛል። ቴንሽኗን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ሥራው ግን በአብዛኛው የሷ ነው። ከመጠን በላይ ከተጫናችኋት ሁሉም ፒን ይጨናነቅና የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ካላላችኋት ያነሳችሁት ሁሉ ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያቃተኝ ፒክ አያያዝ መስሎኝ ነበር፤ ችግሩ ጓጉንቸሩን የምጫነው እንደ ካቻቢቴ መሆኑ ነው። የስልካችሁን ስክሪን የምትነኩበት ኃይል ይበቃል።

ስለዚህ ስብስብ ስትመርጡ መጀመሪያ ቴንሽኖቹን ቁጠሩ። ሁለት ዓይነት አሉ። አንዷ ጠፍጣፋና ቀጭን ሆና ከቀዳዳው ሥር የምትገባ ናት። ሌላዋ አጭርና ወፈር ያለች ሆና ፒኖቹ ባሉበት ጠርዝ በኩል፣ ከቀዳዳው አፍ ላይ ቁጭ የምትል ናት። ሁለተኛዋ ለፒኩ ሰፊ ቦታ ትለቃለች፣ የሲሊንደሩንም እንቅስቃሴ ለጣት ጥሩ አድርጋ ታሰማለች። ይህቺ በሁለት ሦስት ውፍረት ከሌለች ስብስቡን እለፉት። ወይም ደግሞ እንደ እኔ ጋራዥ ሂዱ። አሮጌ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ጎማው ውስጥ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ብረቶች አሉት። በፒንሳ አጥፋችሁ፣ ጫፉን በሞረድ አስተካክላችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱት የሚሸጠውን የሚያስንቅ ቴንሽን ይወጣዋል። እኔ የወሰድኩት በነጻ ነው፤ መካኒኩ «ለምን ትፈልገዋለህ?» ሲለኝ «ለቁልፍ» አልኩት፣ ምን እንደገባው እንጃ።

ፒኩን በተመለከተ አንድ አጭር መንጠቆና አንድ መካከለኛ መንጠቆ ይበቃል። ከፈለጋችሁ ሦስተኛ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ ጫፍ ያለው ሬክ ጨምሩ፤ እሱ ፒኖቹን አንድ በአንድ ሳይሆን በጅምላ የሚያንቀጠቅጥ ነው። ርካሽ ጓጉንቸር በሬክ በሰከንዶች ይከፈታል፣ ደስ ይላል፣ ግን እጃችሁ ምንም አይማርም። እኔ ሳምንቱን ሙሉ በሬክ ስከፍት ከርሜ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ውፍረት ነው፤ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይጽፉት ነገር። የተለመደው 0.6 ሚሊሜትር ነው። ይሄ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ላላቸው ጓጉንቸሮች ጥሩ ነው፤ ጠንካራም ነው። በእኛ ሠፈር የብረት በሮች ላይ የማያቸው የአውሮፓ ቅርጽ ያላቸው ሲሊንደሮች ግን ቀዳዳቸው ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ 0.5 አካባቢ የሆነ ያስፈልጋል። 0.38 የሚሆኑም አሉ፤ ቀጭን ስለሆኑ ጀማሪ እጅ ላይ ዕድሜ የላቸውም። ብረቱ የማይዝግ ሆኖ ሲታጠፍ ተመልሶ የሚቃና መሆን አለበት፤ ታጥፎ የሚቀር ከሆነ የእኔ ቦርሳ ውስጥ የነበረው ዓይነት ነው። በመጨረሻ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፈትጉት። ሻካራ ከሆነ እያንዳንዱ ጭረት ፒኑን ሲነካ የውሸት ስሜት ይሰጣችኋል። የእኔን ሦስቱን በብርጭቆ ወረቀት አንድ ሰዓት ሙሉ ሳሻቸው ነው አዲስ ዕቃ የሆኑት።

የታወቁ ስሞችም አሉ፤ ፒተርሰን፣ ስፓሮውስ፣ ሳውዝኦርድ፣ የጀርመኑ መልቲፒክ። ጥሩ የጀማሪ ስብስብ 30 እና 40 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ችግሩ ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያኔ ሳላውቀው ያመለጠኝ ዕቃ ዛሬ ከሁለት ዕጥፍ በላይ ሆኗል።

ቨርጂኒያ ያለችውን የአክስቴን ልጅ «ስትመጪ አምጪልኝ» ብያት ነበር። እሺ ካለች በኋላ በማግስቱ ድምፅ ላከች፤ «አንተ ልጅ፣ ልታሳስረኝ ነው እንዴ?» ለካ ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው እጅ ላይ መገኘቱ ራሱ ለስርቆት እንደታሰበ መነሻ ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ጃፓን ደግሞ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ በቂ ምክንያት መያዝን የሚከለክል ሕግ አላት። እዚያ አካባቢ ያላችሁ አንባቢዎች ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን ሕግ አንብቡ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ቀላል ነው፤ ቦርሳው ከቤት አይወጣም። ማታ ፍተሻ ላይ ለፖሊስ «የጊዜ ማሳለፊያዬ ነው» ብዬ ሳስረዳ ራሴን ማየት አልፈልግም።

ሌሎቹ ሁለት ደንቦች የእኔ አይደሉም፤ ይሄን ነገር የሚያዘወትሩ ሰዎች በየማኅበራቸው የሚያስተምሯቸው ናቸው። የራስህ ያልሆነውን ወይም ባለቤቱ ያልፈቀደልህን ቁልፍ አትንካ። የምትገለገልበትን ቁልፍም አትንካ። የመጀመሪያውን ማንም ይረዳዋል። ሁለተኛውን እኔ የተረዳሁት በብረት መጋዙ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ከፒክ ይልቅ ወደ መለማመጃ ይሂድ። ውስጡ የሚታየው የፕላስቲክ ጓጉንቸር ለአንድ ሰዓት ጥሩ ነው፤ ፒን ሲነሳ በዓይን ታዩበታላችሁ። ከሰዓቱ በኋላ ግን ዓይናችሁ እጃችሁን ያሰንፈዋል፤ ሥራውም ልቅ ስለሆነ ብትተነፍሱበት የሚከፈት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። አሮጌ ጓጉንቸር፣ ከፈረሰ በር የወጣ ሲሊንደር፣ የሌለ ነገር የለም። የናስ የሆኑ አምስት ጓጉንቸሮች መርጬ ስከፍል ሻጩ አዘነልኝ መሰለኝ፤ «ወንድሜ፣ መክፈቻ የላቸውም እኮ» አለኝ። «ለዚህ ነው የምገዛቸው» አልኩት። ብሩን እስኪቆጥር ድረስ ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዚያ ከሲሊንደሮቹ አንዱን ፍቱትና አንድ ጥንድ ፒን ብቻ አስቀርታችሁ ግጠሙት። ሲለምድላችሁ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። እኔ የተማርኩት በዚህ ነው። ስትፈቱ ሞላዎቹ እንደ ፌንጣ ይዘላሉ፤ ነጭ አንሶላ ላይ ፍቱት። አንድ ሞላዬ አሁንም አልጋ ሥር የሆነ ቦታ አለ። ትንሽ ሞርሳ ካገኛችሁ ቁልፉን እሷ ላይ እሰሩት፤ ሁለት እጅ ለሦስት ሥራ አይበቃም። መክፈቻቸው ጥርስ ሳይሆን ጉድጓድ ጉድጓድ ነጥብ ያለባቸውን ቁልፎች ግን ለጊዜው ተዉአቸው፤ ሌላ መሣሪያ ነው የሚፈልጉት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የምኖረው ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። አንድ ቅዳሜ አከራዬ ቡና ይዘውልኝ ሲገቡ አንድ እጄ ላይ ጓጉንቸር፣ አንድ እጄ ላይ ፒክ፣ ጠረጴዛው ላይ ጥቁሩ ቦርሳ ተዘርግቷል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መለማመጃ ነው እትዬ።»

«የምን መለማመጃ?»

«ቁልፍ ያለ መክፈቻ መክፈት።» ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማሁት።

ስኒውን አስቀምጠው ወጡ። በማግስቱ ዕቃ ቤታቸው ላይ አንድ የነበረው ጓጉንቸር ሁለት ሆኖ አገኘሁት። በሳምንቱ ልጃቸው መጥቶ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ «ኦንላይን ነው ያልከኝ አይደል?» አለና ዝም አለ። አዲስ አበባ ላይ ቤት ፈልጋችሁ የምታውቁ፣ ያቺ ዝምታ ስንት ብር እንደምታወጣ ይገባችኋል።

ይሄ ጥርጣሬ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ ታላቁ ኤግዚቢሽን ሲካሄድ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ መጣ። እንግሊዞች የሚኮሩበትን የቸብ ቁልፍ በ25 ደቂቃ ገደማ ከፈተው። ቀጥሎ ለከፈተው 200 ጊኒ ይሸለማል ተብሎ ከ1790 ጀምሮ ሱቅ መስኮት ላይ ተቀምጦ የኖረውን የብራማ ቁልፍ ያዘ፤ በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ሠርቶ ከፈተው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ ይሄ ነገር በአደባባይ መነገር አለበት ወይ የሚል ነበር። ሆብስ ሌቦቹ ቀድመው ያውቁታል፣ የማያውቀው ገዢው ነው ብሎ ተከራከረ። እኔም ከሱ ጋር ነኝ። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጥናት ያሳየው ይሄንኑ ነው፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ጥሩ ዕቃ ከገበያው ይወጣል። ሱቅ ገብተን ጓጉንቸር የምንመርጠው በክብደቱና በቀለሙ አይደል?

ብቻ ለእትዬ አከርሎፍን አላስረዳኋቸውም። በቀጣዩ እሑድ ቡና ሲፈላ ቦርሳውን ይዤ ወጣሁና ሁሉንም ረከቦቱ አጠገብ ዘረገፍኩት። ለልጅ ልጃቸው የፕላስቲኩን ጓጉንቸር ሰጠኋት፤ ሁለተኛው ስኒ ሳይደርስ ከፍታ ጮኸች። እትዬ አልሳቁም፤ ግን ጓጉንቸሩን ተቀብለው ገልብጠው ውስጡን ለረጅም ጊዜ አዩት።

ከወር በኋላ በሬን አንኳኩ። በእኔ ምክንያት የጨመሩት የሁለተኛው ጓጉንቸር መክፈቻ ጠፍቷል፤ ጤፉ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። «ያንን ብረትህን ይዘህ ና» አሉኝ። ዱካ ላይ ተቀምጠው እያዩኝ ጀመርኩ። የእጄ ላብ፣ የእሳቸው ዝምታ፣ የልጅየው ቆሞ ማየት። ሁለት ጊዜ ሁሉም ፒን ወደቀብኝ። 25 ደቂቃ ገደማ ፈጀብኝ፤ ሆብስ ለቸብ የፈጀውን ያህል፣ ልዩነቱ ይሄኛው ከሠፈር ሱቅ የተገዛ መሆኑ ነው። ሲከፈት እትዬ ከዱካው ተነሱ።

«ይኼን ነው እንግዲህ ስጠብቀው የከረምኩት?» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለጓጉንቸሩ አልገባኝም።

በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሲሄዱ እኔንም አስከተሉኝ። ሻጩ አራት ዓይነት ጓጉንቸር ባንኮኒው ላይ ደረደረላቸው። እትዬ አንዱንም አላነሱም። በጣታቸው ወደ እኔ እያመለከቱ «ይኼ ልጅ የማይከፍተውን ስጠኝ» አሉት።

ሻጩ መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ የገንዘብ መሳቢያውን ዘጋ።